ቦቄ ቤት የዋለችበት ሰሞን

ትንቢት ጠዋት ለሥራ ስትነሳ የክፍሏ ሲሚንቶ ላይ የደም ነጠብጣብ አየች። ከአልጋው ሥር ጀምሮ እስከ በሩ ይሄዳል። ውሻዋ ቦቄ በሩ አጠገብ ተጋድማ ኋላዋን ትልሳለች። ትንቢት ነርስ ናት፤ ደም አያስደነግጣትም። ይሄኛው ግን አስደነገጣት፣ ቁስል እንዳልሆነ ወዲያው ገብቷታልና። ቦቄ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

ቦቄ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቡናማ ውሻ ናት። የመጀመሪያ ባለቤቷ ሌዊ የሚባል አስተማሪ ነበር፤ ወደ ጎበሳ ሲዛወር እዚያው ግቢ ለተከራየችው ለትንቢት ትቶላት ሄደ። ትንቢት ያኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ አሰላ ከገባች ገና ብዙም አልቆየችም። የምታውቀው ሰው የለም፤ ቋንቋውም ግማሹ አይገባትም፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ደግሞ ብርድ ልብስ ደርባም አይለቃትም። ከሥራ ስትመለስ ደስ ብሏት የምትቀበላት ቦቄ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ቦቄ አርግዛ ምጥ ጠናባት። ቡችሎቹ ሞተው ወጡ። እሷን ያተረፋት በእውቀቱ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነበር። "ድጋሚ ካረገዘች አትተርፍም" አለ። "ትንሽ ጠንከር ትበልና ማህፀኗን እናወጣለን።" ቀጠሮው ሳይደርስ ግን ይኸው ጊዜዋ ቀደመ።

ትንቢት ያን ጠዋት ደወለችለት።

"አሁን አልነካትም" አላት በእውቀቱ። "በዚህ ጊዜ ኦፕራሲዮን ከተሠራች ብዙ ደም ይፈሳታል። ይለፍላትና አንድ ሁለት ወር ቆይተን እንሠራዋለን። እስከዚያ በር ዝጊባት። ሦስት ሳምንት ያህል ነው።"

"ደሙ ሲቆም ልልቀቃት?"

"እንዳታደርጊው። ደሙ ሲቀንስ ነው ወንድ የምትቀበለው። ሰው የሚዘናጋው ያኔ ነው።"

ትንቢት አሮጌ አንሶላ ቀድዳ አነጠፈችላት፤ ጠዋትና ማታ ትቀይርላታለች፤ ወለሉን በበረኪና ትወለውላለች። ለሽንት ስታወጣት በአጭር ገመድ ይዛ ከጓሮ አታሳልፋትም። ቦቄ ምግብ እየተወች ታላዝን ጀመር፤ ሳንባ ቆርጣ በእጇ ስታጎርሳት ብቻ ትበላለች።

የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ሽታው ደርሶት የግቢው ቆርቆሮ በር ላይ ሰፈረ። ይናከሳሉ፣ በሩን ይቧጭራሉ፣ አጥሩ ላይ ይሸናሉ። ጎረቤት ማጉረምረም ጀመረ። ትንቢትን በጣም ያስጨነቃት ግን የአከራይዋ፣ የግቢው ባለቤት የአዴ አስያ ነገር ነበር። አዴ አስያ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ሱቅ አላቸው፤ ሰላታቸውን የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ትንቢት ቦቄን ስትቀበል አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቋት፤ ውሻዋ ወደ ትልቁ ቤትና ወደ መስገጃቸው እንዳትቀርብ። አሁን የሱቃቸው ደጃፍ የውሻ መንጋ መዋያ ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን አዴ አስያ አስጠሯት። ትንቢት "ውሻዋን አስወጪልኝ" እንደሚሏት አልተጠራጠረችም። ምን እንደምትመልስ እያሰላሰለች ሄደች።

"ኢንተላ ኮ፣ ነይ ቁጭ በይ ልጄ" አሏት አዴ አስያ። "ይቺ ውሻሽ ምን ሆና ነው?"

ትንቢት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሞቱትን ቡችሎች፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትመለስ ልቧ እንደማያርፍ። "ካስቸገርንዎት ሌላ ቦታ እፈልግላታለሁ" ብላ ጨረሰች።

አዴ አስያ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

"አራተኛ ልጄን ስወልድ ደም ፈሶኝ ከሞት ነው የተመለስኩት" አሉ። "ሐኪሙ ሌላ ከወለድሽ አትተርፊም አለኝ። አራቱም ሴቶች ናቸው። ዘመዶች መጡና ባሌን ጉደታን ወንድ ልጅ የለህም፣ ምንድን ነው የምትጠብቀው፣ ሌላ አግባ አሉት። እሱ፣ እኔ የምፈልገው እሷን ነው ብሎ መለሳቸው። ደግመው መጡ፤ ደግሞ መለሳቸው። እሱ ባይጠብቀኝ ኖሮ አሁን ካንቺ ጋር አላወራም።"

ወደ ቆርቆሮው በር አየት አደረጉ።

"መንካት አልነካትም" ቀጠሉ አዴ አስያ። "ከሱቅ ሆኜ ግን በሩን አያለሁ። አንቺ ሥራሽን ሂጂ።"

ያን ቀን ከሰዓት ባላቸው ኦቦ ጉደታ በአጥሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በድንጋይ ደፈኑ፤ የላላውንም ቆርቆሮ መቱት። ከዚያ በኋላ አዴ አስያ ረጅም ዱላ ከጎናቸው አስደግፈው ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ። ውሾቹ ወደ በሩ ሲጠጉ ብድግ ብለው ይወጣሉ። የጎረቤት ሰው ሲያጉረመርም "ታማ ነው፤ ያልፋል" ይሉታል።

ደሙ እየቀጠነ መጥቶ ቆመ። ቦቄ ግን ባሰባት፤ በሩን ስትቧጭር ትውላለች። ትንቢት የሐኪሙን ቃል ስላልረሳች ቁልፉን ሁለቴ ሞክራ ነበር የምትወጣው። መስኮቱን ግን አላሰበችውም። አንድ ቀን ቦቄ አልጋው ላይ ወጥታ የመስኮቱን መረብ በጥፍሯ ቀደደችና ዘለለች። በዚያው ቅጽበት እህል ጫኝ ገብቶ የውጭው በር ተከፍቶ ነበር።

ትንቢት ማታ ስትመለስ አዴ አስያ ከቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብለው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው በአፈር ሲያሹ አገኘቻቸው። ሻርፓቸው በውሃ ርሶ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የክፍሏ መስኮት በጣውላ ተመቷል።

"ምን ተፈጠረ፣ አዴ አስያ?"

"ወጣችብኝ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ቦዩ ጋ ደረስኩባት። አምስት ስድስት ሆነው ከበዋታል። በዱላ በተንኳቸው፤ እሷ ግን በዱላ እሺ አትልም። በሻርፔ ጠቅልዬ ተሸክሜ አመጣኋት። አፏን ክንዴ ላይ አድርጋ እየላሰችኝ ነው የመጣችው።"

"ደረሱባት?"

"አልደረሱባትም። ጉደታም አይቷል።"

ትንቢት የምታውቀውን አሰበች። ውሻ ምራቁ ያረፈበትን አዴ አስያ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ካላጠቡ አይሰግዱም። በዚያ በረዶ በሆነ ውሃ ክንዳቸው ቀልቷል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል በክርናቸው ገፋ አደረጓት።

"ተይ፣ ገና አልጨረስኩም። ይልቅ ማሰሮውን አንሺና አፍስሺልኝ።"

ትንቢት እንባዋ እየወረደ አፈሰሰችላቸው። አዴ አስያ እየቆጠሩ ታጠቡ፤ ከዚያ ለመግሪብ ሰላት ገቡ።

ጊዜው አለፈ፤ ውሾቹም ተበተኑ። ሁለት ወር ቆይቶ በእውቀቱ ቦቄን ሠራት። ከማርገዝ መትረፏንም አረጋገጠ። ኦቦ ጉደታ ባጃጅ ይዘው ሄደው፣ የተሰፋ ሆዷ እንዳይነካ ካርቶን ውስጥ አስተኝተው መለሷት። ትንቢት ለእናቷ ደብረ ማርቆስ ደወለች። እናቷ እንደ ሁልጊዜው "ብቻሽን ነሽ፣ ምን ትሆኚብኛለሽ" ብለው ሲጀምሩ፣ "ብቻዬን አይደለሁም እማዬ፣ ሰው አለኝ" አለችና ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። እናቷ ሰምተው ሲጨርሱ አዴ አስያን በስማቸው ጠርተው መረቁ።

በማግስቱ አዴ አስያ በክዳን የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው በሯ ላይ ቆሙ። ለአራስ የሚሠራ የአጃ አጥሚት ነበር፤ ገና ይተናል።

"ለእኔ ነው ወይስ ለእሷ?" አለች ትንቢት።

"ለሁለታችሁም" አሉ አዴ አስያ። "የእሷን ቀድመሽ በሌላ ዕቃ ቀንሺላት፤ ሳህኔን ግን እንዳታስልሺ።"