የሁለት ቤት መድኃኒት

መሕሙድ በሳምንት ሦስት ቀን ሐርቡ፣ አራት ቀን ኮምቦልቻ ያድራል። የሐርቧ ሰዒዳ የመጀመሪያ ሚስቱ ናት። የኮምቦልቻዋን ፋኢዛን ካገባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሰዒዳ የጣውንቷን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ያቺ አንዲት ትርፍ ቀን ግን ሁሌም ታንገበግባት ነበር። ስለዚህ የአራቱን ቀን የደም ግፊት ኪኒን በወረቀት ጠቅልላ ኪሱ ትከትለታለች፤ እጇ እዚያም ይድረስ ብላ።

ከረመዳን ወዲህ መሕሙድን ያዞረው ጀመር። ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል። ሰዒዳ ደሴ ወስዳ ብታሳየው፣ ሐኪሟ ዶክተር ወንጌላዊት ስትጠይቀው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አላት። ሐኪሟም ለሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ መቼ እንደሚያዞረው ጽፈው፣ የሚወስደውንም መድኃኒት አንድ ሳያስቀሩ ይዘው እንዲመጡ ነገረቻቸው።

ሰዒዳ የራሷን ሦስት ቀን ለጎረቤት እየነገረች አስጻፈች። አራቱ ቀን የእሷ አልነበረም። ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰንብታ ሚኒባስ ተሳፍራ ኮምቦልቻ ሄደች።

ፋኢዛ በሩን ከፍታ ስታያት ክው አለች። «ይግቡ፣ እትዬ» አለችና መንገድ ለቀቀችላት። ሰዒዳ ገና ስትገባ ዓይኗ የመሕሙድ ነጠላ ጫማ ላይ አረፈ። አዲስ ነው። እሷ ቤት የሚያደርገው በሽቦ የተያያዘ ነው።

የመጣችበትን ስትነግራት፣ ፋኢዛ የፋብሪካ ፈረቃዋን የምትይዝበትን ደብተር አውጥታ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሐሙስ ሲሰግድ ከሱጁድ ቀና ሲል እያለች ጻፈችና ወረቀቱን ገንጥላ ሰጠቻት።

«በምን አወቅሽ?» አለች ሰዒዳ።

«እሱ ነው የሚነግረኝ።»

ለሰዒዳ ነግሯት አያውቅም፤ አይታ ነው ያወቀችው። ወረቀቱን ብትቀደው በወደደች። ፋኢዛ ደግሞ ፍሪጅ ላይ ያስቀመጠችውን የመድኃኒት ካርቶን አሳየቻት። ረመዳን ላይ ክሊኒክ ወስዳ ያሳዘዘችለት ነው፤ ማታ ማታ ራሷ ትሰጠዋለች።

ሰዒዳ ለቀጠሮው ነይ አላለቻትም። ፋኢዛ ግን ፈረቃ ቀይራ፣ ካርቶኗን ይዛ ደሴ መጣች።

ዶክተር ወንጌላዊት ወረቀቱን አንብባ የሁለቱን ሚስቶች ካርቶን ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ይኼ አንድ መድኃኒት ነው፤ የሚለየው የፋብሪካው ስም ነው። እጥፍ እየወሰዱ ግፊትዎ ከልክ በላይ ወርዷል።»

መሕሙድ አንገቱን ደፋ። የአንዷን ቢተው እንዳይከፋት ብሎ የሁለቱንም ይውጥ እንደነበር ተናገረ። ሰዒዳ አዘነችለትም፣ ተናደደችበትም።

ሐኪሟ ከእንግዲህ አንዱን ብቻ እንዲወስድ አዝዛ ማን እንደሚከታተለው ጠየቀች። «እኔ» የሚለው ቃል ሰዒዳ ምላስ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ካርቶኑን ራሱ ይያዘው። ቤቷ ያደረባት ጠዋት ታስታውሰው» አለች። ቀጥሎ ያለውን ስትናገር ፋኢዛን አላየቻትም። «እሷ ትጻፍ። ጽሕፈቷ ይነበባል።»

በሁለት ሳምንት ማዞሩ ተወው። ሌላው ቀጠሮ ሲቃረብ ፋኢዛ ደወለች። ሰዒዳ ስልኩ ሊቋረጥ ሲል አነሳችው። የተጻፈውን ሁሉ ሰማች፣ የራሷንም ቀን ነገረቻት። ድምፅዋ አልሞቀም፤ ስልኩን ግን ቀድማ አልዘጋችም።