እንግዳ፣ ወንድ፣ ከስድሳ በላይ

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ የአዲስ አበባ የጥናት ድርጅት ለአራት ሳምንት ቀጠረኝ። ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ በትምህርቴ ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በአምቦ፣ በጎጆ ከተማና በአዲስ ዓለም ለተመረጡ ሠላሳ ቤቶች ደብተር አድላለሁ፤ በየሳምንቱ መጀመሪያ የተሞላውን ሰብስቤ ባዶውን እሰጣለሁ።

ደብተሩ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አለው። ገጹ በሩብ ሩብ ሰዓት ተሰምሯል። ከላይ የቤተሰቡ አባላት በየዓምዳቸው ይጻፋሉ፤ በስተመጨረሻ «እንግዳ» የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ ጾታና ዕድሜ ብቻ ነው የሚሞላው። ቴሌቪዥን ያየ ሰው ባየበት ሰዓት ትይዩ ምልክት አድርጎ የጣቢያውን ስም ይጽፋል። አንዱ ደብተር በስሌቱ ወደ ሦስት ሺህ ቤት ይወክላል። የሳሙናና የፓስታ ፋብሪካዎች ማስታወቂያቸውን የት እንደሚያስነግሩ የሚወስኑት ከዚህ በሚወጣው መቶኛ ነው። መቶኛው የወረደበት ዝግጅት ስፖንሰር ያጣል፤ ስፖንሰር ያጣ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ይህን ለቤተሰቦቹ እንዳንነግር በሥልጠናው ላይ አጥብቀው አስጠንቅቀውናል። ሰው ምን እየተለካ እንደሆነ ካወቀ እንደወትሮው አያይም ብለው ነው።

ብዙዎቹ በቅንነት ይሞላሉ። ጎጆ ላይ አንድ አባወራ የሳምንቱን የሬዲዮ ዜና በሙሉ ሞልተው ጠበቁኝ፤ ቴሌቪዥኑን ለልጆቻቸው ትተውት እሳቸው እንደማያዩት ሳውቅ አዲስ ደብተር ሰጥቼ በብርዱ ተመለስኩ። የገረመኝ ግን አምቦ ውስጥ፣ ከሁሉቃ ወንዝ አጠገብ፣ ጎን ለጎን ከተመረጡት አምስት ቤቶች አንዱ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ኡርጌ ትባላለች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም ስለማትርቅ፣ በኦሮምኛ ለታላቅ ሴት እንደሚባለው «አዴ ኡርጌ» ስላት ትስቃለች፤ እሷ ሚልኬ ትለኛለች፣ እኔም አንቺ እያልኩ አዴ እላታለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተር ስገልጥ ሐሙስ ማታ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ እንግዳ ዓምድ ላይ ምልክት አየሁ። ወንድ፣ ከስድሳ በላይ።

«ይህ እንግዳ ማነው?»

«ጋሼ ወልደሰንበት ናቸዋ፤ እዚህ ጎረቤታችን ያሉት።»

«እሳቸው ቤት ቴሌቪዥን የለም?»

«አለ እንጂ! ትልቅ ነው። ግን የሐሙሱን ድራማ አያሳይም።» ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ነገሩን አስረዳችኝ።

አቶ ወልደሰንበት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ የቀረቻቸው አንድ ልጅ ናት፣ ፍቅርአዲስ። ነርስ ትሆናለች ብለው ሲጠብቁ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ትወና ልማር ብላ አዲስ አበባ ገባች። የዚያን ዕለት አባትየው በሩ ላይ ቆመው ስሟ ቤታቸው ውስጥ እንዳይነሳ፣ ፊቷም በቤታቸው እንዳይታይ ብለው ማሉ። ሦስት ዓመት አለፈ። እሷ አልመጣችም፤ እሳቸውም አልደወሉም። ዘንድሮ በሐሙሱ ድራማ ላይ ብቅ አለች፤ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት የምትቆርጥ ልጅ ሆና። ከአርባ አምስቱ ደቂቃ የእሷ ድርሻ አምስት ቢሆን ነው።

«መታየት የጀመረች ሳምንት የእድር ስብሰባ መቼ ነው ብለው ገቡ» አለች ኡርጌ። «በሚቀጥለው ሐሙስ መዶሻ አውሱኝ ብለው መጡ። በሦስተኛው መዶሻውን ሊመልሱ። አንድ መዶሻ ለመመለስ አርባ አምስት ደቂቃ! እኔም ቁጭ ይበሉ እላለሁ፣ እሳቸውም አይ ልሄድ ነው እያሉ ይቀመጣሉ።»

«ስለ እሷ አይነሳም?»

«ኧረ ማሎ! ማን ደፍሮ? እሷ ስትወጣ ልጆቼ እንኳ ዝም ይላሉ። ድራማው ሲያልቅ ጋሼ ተነሥተው ደህና እደሩ ይላሉ፤ አለቀ።»

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ደብተርም ያው ምልክት ነበር። ስለ እውነት ለመናገር፣ ከሠላሳው ቤት የሐሙሱን ድራማ የሚያዩት አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው። የእኛ አካባቢ ሰው ማታ ማታ የሚከፍተው የኦሮምኛ ዜና ነው፤ ወይም የመዝሙርና የስብከት ጣቢያ፤ ወይም ኳስ። ድራማው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እዚህ ብዙ ቤት አልገባም፣ ያ ብቻ ነው።

ጥፋቱን የሠራሁት በሦስተኛው ሰኞ ነው። ኡርጌ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልኝና ስንጫወት፣ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ምልክት ለምንድነው የሚለቀመው?» አለችኝ። እንዳልናገር ተነግሮኛል። ግን ለሦስት ሳምንት በየቀኑ የምትሞላ አስተማሪ ለምን እንደምትሞላ ብትጠይቅ ዝም ማለት ንቀት መስሎ ታየኝ። ነገርኳት።

«ታዲያ የጋሼ ድራማስ?»

«ቁጥሩ ጥሩ አይመስለኝም» አልኳት።

ድንቹን ይዛ ቆየች።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ ቀን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። መብራት የመጣው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። እኔ የምኖረው ከወንዙ ወዲህ ቢሆንም ሐሙስ ምሽት በዚያ በኩል ሳልፍ አምስቱም ቤት ጨልሞ ሻማ በመስኮት ይታይ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው ሰኞ የመጀመሪያውን ደብተር ስገልጥ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ደብተሩ የኦቦ ኤጄታ ነው። ኦቦ ኤጄታ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከስብከት ጣቢያ ሌላ ተከፍቶ አያውቅም። ሐሙስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን ሰባቱም ዓምድ በምልክት ሞልቷል።

«ኦቦ ኤጄታ፣ ሐሙስ ይህን ድራማ አይታችኋል?»

«አይተናል።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«ሕፃኑም? የስምንት ወር ልጅ እኮ ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። «እሱማ በተለይ ወዶታል» አሉ።

ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ኡርጌ ቤት ስደርስ ደብተሩን ሳልገልጥ ጠየቅኳት።

«ሐሙስ መብራት ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ምን አያችሁ?»

«ፊርማ ተጠየቅን፣ ፈረምን» አለች። «ሰፈር ውስጥ ውኃ እንዲገባ ሲባል አልፈረምንም? መንገድ ይሠራልን ሲባልስ? ሰው መጥቶ ፈርሙልኝ ሲል መብራት ነበር ወይ ብለህ ትመልሰዋለህ?»

«ይህ አቤቱታ አይደለም፣ አዴ። ያያችሁትን ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

«አሁን ገባኝ። ያን ጊዜ ግን…»

«አንቺ ነሽ ያስፈረምሻቸው?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «እኔ ድራማው ሊዘጋ ይችላል ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው እንጂ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው በየቤቱ ዞሩ። እኔ ቤት መጨረሻ ነው የመጡት። ‹ለፍቅርአዲስ ነው› አሉኝ። ሚልኬ፣ በስሟ ጠሯት። ሦስት ዓመት ሙሉ አፋቸው ላይ ያልወጣውን ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት በር ላይ ቆመው ጠሩት።»

ደብተሮቹን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። እኔ ጋ ሌላ አንድ ቅጽ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቀን «መብራት ነበር? አልነበረም?» የሚል መጠይቅ አለበት፤ የምሞላው እኔ ነኝ። ነበር ብዬ ብጽፍ ማንም ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ አይጠይቅም። አልነበረም ብዬ ከጻፍኩ ምልክቱ ሐሰት መሆኑ ታውቆ የአምስቱም ቤት የአራት ሳምንት ደብተር ይጣላል፤ የተጠጋጉ ቤቶች እንደ አንድ ነው የሚታዩት።

አቶ ወልደሰንበት ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ ይለቅማሉ። ደብተሮቹን ሲያዩ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ደብተሩ ደረሰህ?» አሉኝ።

«ደርሷል፣ ጋሼ። ግን ሐሙስ መብራት አልነበረም።»

አጠገባቸው ባለ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስለ ቅጹም፣ ስለ መጣሉም ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እኔ ባላወራ ኖሮ ይህ እንደማይሆንም ነገርኳቸው።

«መዝገብ ቤት ስሠራ» አሉ፣ «አንድ ባለጉዳይ የመዝገቡን ቀን ብቻ በሁለት ቀን ወደ ኋላ መልስልኝ ብሎ እያለቀሰ ለመነኝ። ልጁ ታስሮበት ነበር። አልመለስኩለትም። በዚያ ስኮራ ኖርኩ።» እጃቸው ላይ የቀረውን ቅጠል አራገፉ። «አሁን ሰፈሩን በሙሉ ሐሰት አስመሰከርኩ። ኤጄታን እንኳ!»

«አንድ ነገር ላሳይዎት» አልኩ። ሁሉም አንድ ላይ ስለሚላኩ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የኡርጌን የመጀመሪያ ደብተር ገልጬ እንግዳ የሚለውን ዓምድ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ።

«ይህ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ስሜ የለም።»

«የእንግዳ ስም አይጻፍም። ሦስት ሐሙስ እዚህ አሉ። እነዚህ እውነት ናቸው፤ እነሱም አብረው ይጣላሉ።»

ጣታቸውን በምልክቶቹ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬዱ። ወደ ሁለተኛው ደብተር አለፉ፣ ወደ ሦስተኛው። አራተኛውን አልከፈቱትም።

«ተቆጥሬ ነበራ» አሉ።

«ተቆጥረው ነበር።»

ከወንዙ በኩል ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳቅ ይሰማል። እኔ እስኪሪብቶዬን ይዣለሁ። ከልቤ ልናገር፣ በዚያ ሰዓት ነበር ብለህ ጻፍልኝ ቢሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

«ጻፈው» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን ነዋ። አልነበረም በል።»

ጻፍኩ። ከሥሩም ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ግን ትክክል መሆናቸውን በአራት መስመር አስረዳሁ። ከድርጅቱ ቢሮ የጥናቱ አስተባባሪ ደውላ በትሕትና አመሰገነችኝ፤ አምስቱም ቤት መሰረዙንም ነገረችኝ። ለሚቀጥለው ዙር አልተጠራሁም።

ድራማው የካቲት ላይ አለቀ። «ምዕራፍ አንድ ተጠናቀቀ» አሉ እንጂ ምዕራፍ ሁለት እንደሌለ ሁሉም ገብቶታል። በኋላ ስሌቱን ለራሴ ሠርቼዋለሁ፤ የኡርጌ አንድ ደብተር ቢቆጠርም የሚያድነው አይመስለኝም። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ሌላ ከተማ ውስጥም እንዲህ የተጣለ ደብተር ይኖር ይሆናል፤ ያንን እኔ ላውቅ አልችልም።

ድራማው ባለቀ በቀጣዩ ሐሙስ የኡርጌን ልጆች ሒሳብ ላስጠና እሷ ቤት ነበርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ወልደሰንበት ገቡ። በዚህ ጊዜ ምንም ምክንያት ይዘው አልመጡም። በድራማው ቦታ የምግብ ዝግጅት ውድድር ይተላለፋል። ተቀመጡና ሽንኩርት ሲከተፍ አዩ። ኡርጌ ጣቢያውን አልቀየረችም።

«እንግዲህ» አሉ ድንገት፣ ፊታቸውን ከስክሪኑ ሳያዞሩ፣ «አሁን በምን አያታለሁ?»

ልጆቹ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ኡርጌ ተነሥታ ስልኳን አመጣች።

«ቁጥሯ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሄደች ጀምሮ። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውላለች። ስለ እርስዎ ጠይቃ ትዘጋለች።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሟ አይነሳ ያሉት ማን ሆኑና?» አለች። ቁጥሩን ነካችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ጠራ። ደግሞ ጠራ። ከዚያ የመንገድ ጫጫታ ተሰማ፤ አንድ የታክሲ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል።

«ሄሎ? አዴ ኡርጌ?»

አቶ ወልደሰንበት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ይሰሙ ነበር። ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት በማንም ላይ አላየሁም፤ የተራበ ሰው ምግብ ሲቀርብለት እጁን መዘርጋት የረሳ ይመስላል።

«ሄሎ? አዴ? አይሰማም እንዴ?»

«ጋሼ!» አለች ኡርጌ በሹክሹክታ። «ይናገሩ እንጂ! ይቺኛዋ ትሰማለች እኮ!»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀጥነሻል» አሉ።

የመንገዱ ጫጫታ ቀጠለ። ዘግታው ይሆን ብዬ ስልኩን አየሁ፤ አልተዘጋም።

«አባዬ?» አለች። «የት አየኸኝ?»

ኡርጌን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተጠጉ።

«ጎረቤት ቤት» አሉ። «ሐሙስ ሐሙስ።»

ከዚያ በኋላም ሁለቱም ስልኩን አልዘጉም። ኡርጌ በእግር ጣቷ ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።