ከአልዩ አምባ የመጣ አስተያየት

እኅቴ ወለተ ሥላሴ ዐይኗን ከታከመች ወዲህ ሐኪሙ ስልክ እንዳታይ ስለ ከለከላት፣ ለባሏ ግጥም የሚጻፈውን አስተያየት የማነብላት እኔ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ቤቷ እሄዳለሁ። እርሷ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ትቀመጣለች፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ስልኳን እከፍታለሁ።

ግጥሙን የጻፈው ባሏ ዘርአ ዳዊት ነው። ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሁለቱ በቁርባን የተጋቡበት ዕለት ሲታሰብ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሕይወት ጉዞ ረጅም ግጥም ጻፈና ከላዩ ላይ «ለወለተ ሥላሴ» የሚል አኖረበት። ልጃቸው ሳሌም ሐዋሳ ሆና በፌስቡክ አወጣችው፤ ሕዝቡም ተቀባበለው።

ይህ ግጥም ለእኅቴ ምን እንደ ነበረ መናገር ይገባኛል። ዘርአ ዳዊት ቤቱን አክባሪ፣ ጸሎቱን የማያስታጉል፣ ነገር ግን ቃሉ ደረቅ ሰው ነው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ «እወድሻለሁ» የሚል ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። እርሷም አልጠየቀችውም፤ ዝምታውን እንደ ጠባዩ ቈጥራ ኖረች። ግጥሙን መጀመሪያ ያነበብኩላት ዕለት ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ብዙ ቆየች። «ለካ በልቡ ይዞኝ ኖሯል፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንኙን በቃሏ ለማጥናት ትደክም ጀመር።

ጭጋግ ሲጋርደን፣ መንገዱ ሲጠፋ፣
እጅሽ ሆነኝ ዐይኔ፣ ድምፅሽ ሆነኝ ተስፋ።
ቁልቁለቱን ወርደን፣ ወንዙን ስንሻገር፣
አንቺው ነበርሽ ቤቴ፣ አንቺው ነበርሽ አገር።

«እስቲ ይተርጉሙልኝ» ስትለኝ፣ በመጻሕፍት ቤት እንደ ተማርኩት እተረጉምላት ነበር። «ጭጋጉ ልጅ ያጣችሁበት ዘመን ነው፤ አንድም በሕመም የተኛሽበት ወራት ነው። ቁልቁለቱ ትሕትና ነው። ወንዙን መሻገር የሳሌም መወለድ ነው» እላታለሁ። እርሷም ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች፤ ሕይወቷ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ሲተረጐም የሚሰማ ሰው ደስታ ነበር በፊቷ ላይ።

የዚያን እሑድም አስተያየቱን ከላይ ጀመርኩ። አንዲት ወጣት «እንዲህ የሚያፈቅር ባል የት ነው የሚገኘው? አድራሻ ላኩልኝ» ብላለች። አንዱ ስብከት መስሎት «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብሏል። ከጣርማ በር አንዲት ሴት «ለእኔው ሰውዬ አነበብኩለትና ስጨርስ ‘በጎቹ ገቡ?’ አለኝ» ብላ ጽፋለች። ወለተ ሥላሴ እስክታስል ሳቀች። «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» አለች።

ቀጠልኩ።

«አሰላሙ ዓለይኩም መምህር ዘርአ ዳዊት። ዓሊ ነኝ፣ የአልዩ አምባው፣ የሱልጣና ልጅ። ግጥምዎን ሳነብ ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርዱ ጭጋግ ውስጥ መንገድ ጠፍቷችሁ ያገኘኋችሁ እኔ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነኝ። ወንዙን እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። ውሃው ሞልቶ ቤታችን ሰነበታችሁ። ፍልሰታ ነበርና እናቴ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቃትና፣ በአዲስ ድስት ሽሮ ትሠራላችሁ ነበር። ስትመለሱም ከምንጫችን ውሃ በጠርሙስ ቀዳችሁ። ባለቤትዎን እኛ የምናውቃቸው ንጋቷ በሚል ስም ነው፤ ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው መሆኑ ነው። አላህ እስከ መጨረሻው አብሮ ያዝልቃችሁ።»

ድምፄ ከልቤ ቀድሞ ሮጦ ነበርና፣ ያነበብኩትን ያስተዋልኩት ካነበብኩት በኋላ ነው። እኅቴ ሌላ ስም የላትም፤ በጥምቀት የወጣላት ስም መጠሪያዋም ነው። የተወለድነው ደነባ ነው፤ ከአንኮበር በታች ያለውን ቆላ በዐይኗ አይታው አታውቅም።

«ይድገሙልኝ» አለች።

ደገምኩላት።

«ፍልሰታ ነው ያለው?»

«አዎን።»

«ውሃ በጠርሙስ?»

«አዎን፣ እኅቴ።»

ሁለታችንም ያንን ፍልሰታ እናውቀዋለን። ሳሌም ከመወለዷ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ዘርአ ዳዊት «እግዚአብሔር ልጅ እንዲሰጠን ገዳም ገብቼ ሱባኤ ልያዝ» ብሎ ተነሣ። ስንቁን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ «በጸሎትህ አስበኝ» ብዬ ተማጽኜዋለሁ። ጾሙ ሲፈታ ጠጕሩን አጐፍሮ፣ ከስቶ፣ ጠበል በጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። እኅቴም እስኪያልቅ ድረስ በየማለዳው በባዶ ሆዷ እያማተበች ጠጣችው።

ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ወለተ ሥላሴ፣ ውሃው ከየትም ይቀዳ፣ እግዚአብሔር የሰማው የአንቺን ልመና ነው» አልኳት።

«ስለ እግዚአብሔር አልጠየቅሁም» አለች። «እርሱ አልዋሸኝም።»

በሩ ተከፈተ። ዘርአ ዳዊት ከሰበካ ጉባኤ ስብሰባ መምጣቱ ነበር፤ ብርዱ አፍንጫውን አቅልቶታል፤ ደስ ብሎታል። «እሺ መሪጌታ፣ ዛሬስ ምን አሉን? የጣርማ በሯ ሴትዮ ባሏን ፈታችው ወይስ ታገሠችው?»

የሳቀ አልነበረም።

«ንጋቷ ማን ናት?» አለችው።

ነጠላውን ከትከሻው ሊያወርድ የጀመረው እጁ እዚያው ቀረ። ወደ እኔ አየ፤ ቀጥሎ ወደ ስልኩ። «ማነው የነገረሽ?» አለ።

«ያሻገራችሁ ልጅ። በጭጋጉ ውስጥ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የመምህር ድምፅ አልነበረም። «ያለፈ ነገር ነው፣ ወለቴ። አንቺም እኔም ልጆች ሳለን ነው። እርሷ ከሄደች ስንት ዘመኗ! ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ።»

እኅቴ ካገባችው ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ንስሐ ከገባህበት ለምን ገጠምከው?» አለችው።

«መንገዱ ብቻ ነው ከዚያ የመጣው» አለ። «ፍቅሩ የአንቺ ነው። አንቺን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት፤ በሥላሴ ስም።»

«ሥላሴን ተዋቸው። እንካ፣ አንብብ። የእኔ የሆነው ስንኝ ላይ ስትደርስ ቁም።»

ስልኩን ከእጄ ተቀበለ። ግጥሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ዐይኑን ከስልኩ አላነሣም። ጭጋጉን አለፈ፤ ቁልቁለቱን ወረደ። ወንዙ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረና የሚቆም መስሎኝ ነበር፤ ግን አልቆመም። እሳት ዳር ስለ መቀመጥ፣ ስለ ረጠበ ቀሚስ፣ ስለ አንዲት ጠባብ ጎጆ የሚሉትን አነበበ፤ እኔ በሰፊው የተረጐምኳቸውን ሁሉ። ወለተ ሥላሴ ዐይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ታዳምጣለች። ብትችል ኖሮ ከመካከላቸው አንዱን እንኳ የራሷ ለማድረግ ወደ ኋላ እንደማትል ከፊቷ ይታይ ነበር። እርሱ ግን እስከ መጨረሻው ሳይቆም አነበበ።

«አለቀ?» አለች።

ወደ ላይ ተመለሰና በጣቱ አሳያት። «ይኸው። ይህ የአንቺ ነው።»

ስሟን ነበር ያሳያት።

«ወንድምዓለም፣ ለሳሌም ይደውሉልኝ» አለች።

ዘርአ ዳዊት ከወንበሩ ተነሣ። «እባክሽ፣ ለልጅቷ…»

«የአንተን ነገር አንተው ንገራት።»

ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። የሳሌም ድምፅ ከሐዋሳ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ጤናዋን ጠየቀቻት፣ የዐይኗን ጠብታ እንዳትረሳ አስታወሰቻት። እኅቴ ሁሉንም በትዕግሥት መለሰችላት።

«ሳሌም፣ ከአባትሽ ግጥም ላይ ስሜን አንሺልኝ።»

«ለምን እማዬ? ሰው ሁሉ እኮ እንዴት እንደ ወደደው!»

«እኔም ወድጄው ነበር» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።