የበጋ ውሃ

የጣሊያን ካሚዮን መተማ ከገባ ወዲህ ደምለውን ለጭነት የሚፈልገው ጠፋ። አሥራ ሁለት ዓመት የነጋዴውን የሐጂ ኸሊልን በቅሎዎች ከደጋ እየጫነ ቆላውን አቋርጦ ድንበር ማዶ ገላባት ወርዷል። አሁን ሠላሳ በቅሎ የሚሸከመውን አንድ መኪና ያደርሰዋል። ሐጂም በቅሎዎቹን ሸጡ። ደምለው ከሌሎች ሥራ ፈት ጫኞች ጋር ዛፍ ሥር ሁለት ክረምት ተቀመጠ።

«ገበያው ደመቀ ይላሉ፤ ለማን እንደደመቀ እንጃ» ትላለች ሚስቱ የሻረግ።

አንድ ጧት የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ በስሙ ጠርቶ የመንገድ ሥራ ሰጠው። ደምለው ደስ አለው፤ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው እሱን ለምን መረጡ? ሌላው ድንጋይ ሲፈልጥ ለእሱ ዶማ እንኳ አልሰጡትም። ከጣሊያኑ መሐንዲስ ኋላ መሄድ ብቻ ነበር ሥራው። ለደመወዝ የተሰጠውን ዱቄት ይዞ ሲገባ የሻረግ መዳፉን ገልጣ አየች።

«ያልቆሰለ እጅ ዱቄት ሲያመጣ አይቼ አላውቅም» አለችው።

በዘጠነኛው ቀን መሐንዲሱ ካርታ ዘረጋ።

«በበጋ ውሃ የማይደርቅባቸውን ቦታዎች አሳየው» አለ አስተርጓሚው።

«ለመንገዱ ነው?»

«ለመንገዱ ነው።»

የመሐንዲሱ ጣት ግን አርበኞቹ ወዳሉበት ወደ አርማጭሆ ዱር ነበር የሚሄደው።

«መንገዱ በዚያ አያልፍም» አለ ደምለው።

«ምን አገባህ? ብታሳይ የአሥር ሰው አለቃ ትሆናለህ።»

«እኔ በቅሎ ተከትዬ ነው የሄድሁት። ውሃውን የምታውቀው በቅሎዋ ነበረች።»

አስተርጓሚው አልሳቀም። ደምለው ያን ቀን ባዶ እጁን ተሰናበተ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐጂ ኸሊል ሱቅ ሄደ።

«ስሜን የነገራቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «አገር የሚያውቅ ሰው ቢሹ፣ ልጆችህ እንዳይራቡ ብዬ ጠቆምሁህ።»

«ለምን እንደፈለጉኝ አልጠየቋቸውም?»

«ፈራሁ።»

ደምለው ፊታቸውን አተኩሮ አየ። እውነት ይሁን አይሁን አልለየውም። በማግስቱ ጣሊያኖቹ ዳግም ሳይጠሩት ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅሎ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ሱዳን አሻገረ። ገዳሪፍ ደርሰው ማሽላ አጨዳ ተቀጠሩ።

ከወር በኋላ ከመተማ የመጣ ነጋዴ አገኘ። ዛፍ ሥር አብረውት ከተቀመጡት ጫኞች አንዱ የአሥር ሰው አለቃ መሆኑን ነገረው።

«አርማጭሆ ያሉት ሰዎችስ? ከውሃው ርቀው ይሆን?» አለ ደምለው።

ነጋዴው በጥርጣሬ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አንተ ይህን ለምን ፈለግኸው?»

ደምለው ማጭዱን አንሥቶ ወደ ማሽላው ተመለሰ።