አጎቴ ሄአማሲ ያቀናበሩት መዝሙር

«ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሒሳብ አጥፍቼላችኋለሁ» አለን አዲሱ ፓስተር ሞሴሴ፣ የጠመኔ አቧራ ከእጁ እያራገፈ። «የትምህርት ቤት ሥራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይሠራል?»

እኛ የመዘምራን ሴቶች ተያየን። ፓስተሩ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ አድጎ፣ እዚያው ተምሮ፣ ወደ ደሴታችን ቶንጋ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ሒሳብ ያለው ግን የእሁድ መዝሙራችን ነበር። እኛ ዜማ የምንጽፈው በቁጥር ነው፣ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ቁጥር፤ መጀመሪያ ቁጥሩን እንዘምራለን፣ ከዚያ ቃሉን። መሪያችን አጎቴ ሄአማሲ ያንን መዝሙር ሲያቀናብሩ ሁለት ወር ፈጅቶባቸዋል። ቅጂም የላቸውም፤ ወረቀት አይወዱም።

ጊዜውም ክፉ ነበር። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጉባኤው ሰሌዳው ይቅር ወይስ ይቆይ ብሎ ሊወስን ነው። ወጣቶቹ ኪቦርድና ስክሪን ይፈልጋሉ። መዝሙሩ ከተበላሸ ሰሌዳው አለቀለት።

አጎቴ ሄአማሲ ባዶውን ሰሌዳ አይተው አልተቆጡም። ያስፈራን ይሄ ነው። «የቤተ ክርስቲያናችን አባት ዌስሊም ሜዳ ላይ ሲሰብክ ሰሌዳ አልነበረውም» ብለው ቁጭ አሉ።

«ፓስተር፣ ጠመኔውን ያንሱ» አልኩት። «እኛ እንዘምራለን፣ እርስዎ ይጽፋሉ።»

ከመሃላችን ላቪኒያ የላይኛውን ድምፅ ቁጥር በቁጥር ዘመረችለት። የቀረነው ሴቶች የእኛን ሁለተኛ ድምፅ ጨመርን። ቴነሮቹም እየተጨቃጨቁ ጨረሱ። የቀሩት የታችኛውን ወፍራም ድምፅ የሚዘምሩት ባሶቹ ናቸው። ካቫ ከሚባለው የሥር መጠጥ ጽዋቸው ጠርተን አመጣናቸው።

«እዚህ ጋ ሦስት ነው» አለ አንዱ።

«ምን ሦስት! ስድስት ነው እንጂ!»

«አንተ መቼ ቁጥር አይተህ ታውቃለህ? የእኔን አፍ ነው የምታየው!»

አጎቴ ሄአማሲ እንኳ ግንባራቸውን ቢያሹ አልመጣላቸውም። ፓስተሩ ሁለቱንም አዳመጠና፣ «እስቲ ሌሎቻችሁ ድገሙት» አለ። ስንዘምር ከስር ሦስትን ሞከረ፤ ጆሯችንን ቧጠጠው። ስድስትን ሞከረ። ዜማው ቤቱን ሞላው። አጎቴ ሄአማሲ ከወንበራቸው ተነሱ።

እሁድ የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪንቀጠቀጥ ዘመርን። ፓስተሩ ባሶቹ መሃል ቆሞ ነበር። ጉባኤው እጅ አወጣ፤ ሰሌዳው ይቆይ፣ ስክሪኑም ለወጣቶቹ አምልኮ ይግባ ተባለ። ከወጣቶቹም ለሰሌዳው እጅ ያወጡ አይቻለሁ፤ ስማቸውን አልናገርም።

ምግብ ሲቀርብ ፓስተሩ አጎቴ ሄአማሲ አጠገብ ተቀመጠ። «አጎቴ፣ ቁጥሩን በደንብ ቢያስተምሩኝ በስንት ጊዜ እለምደዋለሁ?»

አጎቴ ሄአማሲ ጎደሬያቸውን ቀስ ብለው አላመጡ።

«ሕፃናቱ በሳምንት ይይዙታል» አሉ። «ለተማረ ሰው ግን ቃል አልገባም።»