ነጩ ዚፕ

"ማነው ያዞረው?"

ልብስ ሰፊዋ አረንጓዴውን፣ ከስፖንጅ የተሰፋውን የአውሬ ልብስ አንገቱን አንቃ ይዛዋለች። ፊቷን ሊቀቧት ሲወስዷት ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጋ መስቀያው ላይ ሰቅላው ነበር የሄደችው። ስትመለስ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ የወረደው ነጭ ዚፕ በሩ ላይ አፍጥጦ ጠበቃት።

"እኔ ነኝ እማማ" አለች የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀችው የፕሮግራሙ ረዳት። "የፕሮግራሙ አቅራቢ ዚፑ ወደ ካሜራው ይሁን ብሏል። ሰው የሚወደው እሱን ነው።"

"የሚወደው ነው የሚስቅበት?"

"ያው ነው እማማ" ብላ ልጅቷ ወጣች።

ያው አይደለም! ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውለው "ልናከብርዎ ነው" ነበር ያሏት። ከአርባ ዓመት በፊት እዚሁ ሕንፃ ውስጥ የተሠራውን የጠፈር ድራማ ልብሶች በሙሉ የሰፋችው እሷ ናት። ባለ ስድስት ዓይኑ አውሬ ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት የቆመው ደግሞ ባሏ ነው። ዛሬ ትንፋሽ እያጠረው ከቤት አይወጣም። ክብር መጣልን ስትለው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጢሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። ሁለት ጎረቤቶችም ጠርቷል።

አሁን በመጠባበቂያ ክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ የምታየው ክብሩን ነው። ከድሮው ድራማ በተቆረጠ ቅንጭብ አውሬውን የለበሰው ባሏ ጀርባውን ሰጥቶ እየተጎተተ ያልፋል፤ ዚፑ ዙሪያ ቀይ ክብ ተሠርቶለታል፤ ለማሳቅ የተጨመረች አህያ ከበስተኋላው ታናፋለች። ደሟ ፈላ። አውሬውን ብብቷ ውስጥ ከትታ ልትሄድ ተነሳች። ደግሞ አሰበችው። እሷ ብትሄድ ፕሮግራሙ አይቀር፤ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሳቁን ብቻ ሊሆን ነው። ተመልሳ ተቀመጠች።

ፕሮግራሙ በቀጥታ ይተላለፋል። አቅራቢው ቀልድ የማያልቅበት ወጣት ነው፤ አዳራሹ ገና ሲያየው መሳቅ ይጀምራል። አውሬውን ይዛ ከጎኑ ስትቀመጥ የድራማው ቅንጭብ በትልቁ ስክሪን ላይ ተከፈተ።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩን። ይሄ መንኮራኩር የድስት ክዳን አይደለም?"

"ነው። ያውም የራሴ ድስት።"

"ዐለቱስ? ሰውየው ሲደገፈው ይወዛወዛል እኮ!"

"ስፖንጅ ነዋ! የእውነቱን ዐለት ማን ሊሸከምልን፣ አንተ?"

አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቀልድ የማይገባት ሴት አይደለችም። መንኮራኩሩ የተንጠለጠለበት የዓሣ ማጥመጃ ክር ተበጥሶ አዛዡን የሚጫወተው ተዋናይ አናት ላይ ያረፈ ቀን ከባሏ ጋር እንባቸው እስኪፈስ ስቀዋል።

ከዚያ ቀዩ ክብ መጣ። አህያዋም አናፋች።

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!" አለ አቅራቢው። "ስድስት ዓይን ሳያንሰው ዚፕ! ጎበዝ፣ ይሄ አውሬ ነው ሻንጣ?"

ሕዝቡ እየተንፈራፈረ ሲስቅ ሴትየዋ ካሜራውን አየችው። በዚያ በኩል የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አለ።

"ተነስና ግባበት" አለችው።

"እኔ?"

"አዎ፣ አንተ።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ጨዋታ ይወዳልና ኮቱን ጥሎ ገባ። ዚፑን እስከ ማጅራቱ ሳበችው። እሱ በስፖንጅ ጥፍሮቹ ሲጨፍር እሷ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

"በመጀመሪያው ቀን ዚፕ አልነበረውም። ዳይሬክተሩ መክፈቻው እንዳይታይ አለና ሰው ውስጡ እንዳለ በክር ሰፋሁት። ባሌን፣ በገዛ እጄ! መብራቱ እንደዚሁ ያቃጥል ነበር። በሙቀት ታፍኖ ሲወድቅ የተዋጣለት ትወና መስሏቸው አጨበጨቡለት። በመቀስ ቀድጄ ነው ያወጣሁት፤ መቀሱ ያረፈበት ጠባሳ ዛሬም ጀርባው ላይ አለ። በማግስቱ የጃኬቴን ዚፕ ፈትቼ ሰፋሁለት። ነጭ ነበር፣ ሌላ አልነበረኝም። ዳይሬክተሩ 'ይታያል' አለኝ። ይታይ አልኩት።"

"እማማ" አለ ከስፖንጁ ውስጥ የታፈነ ድምፅ። "ሞቀኝ፤ ይክፈቱልኝ።"

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ።

"የምሬን ነው! እባክዎ!"

ጥፍሮቹ ጀርባው ላይ አይደርሱለትም። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ብታቆየው ደስ ይላት ነበር። እጇ ግን ቀደማት። ዚፑ አርባ ዓመት ሙሉ ቆይቶ ጨርቅ ሳይነክስ አንዴ ስትስበው ተከፈተ። አቅራቢው ላብ በላብ ሆኖ፣ እያለከለከ ወጣ። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

"ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላህም" አለችው። "እሱ ግማሽ ቀን ይቆም ነበር።"

"ማስታወቂያ!" ብላ ረዳቷ ጮኸች።

ወዲያው የሴትየዋ ስልክ ጠራ። ባሏ ነው። ቶሎ አነሳችው።

"አየኸው?"

"አየሁት።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ለልጁ ውሃ ሰጡት?"

"ምን?"

"ከዚያ ውስጥ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያምረው ውሃ ነው። ሁሉም ዝም ብለው ሲያዩት ነበር እኮ። አንቺ ስጪው።"

"አንተ ደግሞ! ሲሳለቅብህ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ዚፑስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ጎሽ" ብሎ ዘጋው።

ንዴቷ አልበረደላትም። የሆነ ሆኖ ከቦርሳዋ የራሷን የውሃ ጠርሙስ አውጥታ አቅራቢው ደረት ላይ ለጠፈችው። "ጠጣ!" ጠብታ ሳያስቀር ጨለጠው።

ረዳቷ አውሬውን ከወለሉ አንስታ መድረኩ ላይ ካለው መስቀያ ልትሰቅለው ስትል ቆም አለች። "እማማ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ ላድርገው?"

ሴትየዋ ተቀበለቻትና ራሷ ሰቀለችው። ዚፑን እስከ ላይ ዘግታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ካሜራው አዞረች።

"ይታይ" አለች። "ያንን ቀይ ክብ ግን አጥፉልኝ። አህያዋንም።"