ውሃ ያልሰጡት መልእክተኛ

«ሦስት ኮፒ፣ በስፓይራል፣ አሁኑኑ!» አለች ተማሪዋ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ። ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ያለው ማተሚያ ተበላሽቶባት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሮጣ ነው በሩ ላይ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት የመጣችው። የመመረቂያ ጥናቷን ልታቀርብ የቀራት አርባ ደቂቃ ነው።

ከማሽኑ ኋላ ያጎነበሰው ልጅ ቀና ሲል ክው አለች። ቆይ እስኪ ነበር።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አብረው በገቡበት የማዕረግ ፕሮግራም ግን ከ«ቆይ እስኪ» በቀር በሌላ የጠራው ሰው አልነበረም። እሱም እንደሷ ደነገጠ፤ ቶሎ ብሎ ግን ከራሱ ጠርሙስ በላስቲክ ብርጭቆ ቀዳላት።

«መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። ነፍስሽ ልትወጣ ነው እኮ።»

ብርጭቆውን ተቀብላ ሳትጠጣ ይዛው ቆመች።

ፕሮግራሙ በዓመት አሥራ ሁለት ተማሪ ብቻ ይቀበላል። ሥራቸው ጥንታዊ መጻሕፍት ማንበብ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። መጽሐፉ ስለማይበቃ ለሁለት አንድ ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያልገባው ቦታ ላይ ያስቆመዋል። የእሷና የቆይ እስኪ ዕጣ አንድ ላይ ወጣ። እሷ ስታነብ አንዴ ከተነሳች ማቆሚያ የላትም፤ እሱ ደግሞ በየመስመሩ «ቆይ እስኪ!» ይላል። አቤት ስታናድደው! አቤት ሲያናድዳት!

ሐሙስ ሐሙስ በፕሮግራሙ አዳራሽ በክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና እያንዳንዱ በተራው ከመጽሐፉ ሌላ ሰው ያላነሳውን አንድ ነገር ያነሳል። የሚለው የሌለው «አላነበብኩም» ብሎ ይነሳና በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቁጣ የለ፣ ስድብ የለ። ሦስት ጊዜ የተቀመጠባት ግን ከፕሮግራሙ ይወጣል። ቆይ እስኪ እያዘገመ ገጽ ስለማይጨርስ ሁለት ጊዜ ተቀምጦባታል።

ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ ሳምንት መጽሐፋቸው የጥንት ተውኔት ነበር። መልእክተኛ ከጦር ሜዳ ቀኑን ሙሉ ሮጦ ይመጣና ለንጉሡ ቤት ልጃቸው መሞቱን ይነግራል። ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል። ረቡዕ ዕለት ይህን ስታነብ ልጁ እንደ ልማዱ አስቆማት።

«ቆይ እስኪ። ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ፣ ውሃ የሚሰጠው አንድ ሰው ይጥፋ?»

እስከ መጨረሻው ገልጠው ፈለጉ። የሰጠው የለም።

በማግስቱ እሷ ያዘጋጀችውን ሐሳብ ከእሷ በፊት ተራው የደረሰው ተማሪ ቀደማት። ተራዋ ደረሰ። አፏን ስትከፍት የወጣው የልጁ የውሃ ጥያቄ ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠላሳ ዓመት ሳስተምረው አንድም ቀን አላየሁትም» አሉ። ቀጣዩ ተራ የቆይ እስኪ ነበር። ሊያነሳ የያዘው ያችኑ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ አየት አደረጋት። ከዚያ «አላነበብኩም» ብሎ ሦስተኛ ጊዜውን ሄዶ ተቀመጠ።

ከሰዓት ለመምህሩ እነግራለሁ አለች። ነገ አለች። ፈተና መጣ። ልጁ ከፕሮግራሙ ተሰርዞ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ከዶርም ወጣ። ያቺ ጥያቄ ጽሑፍ ሆነች፣ ጽሑፉ ሽልማት አመጣ፣ ይኸው ሁለት ዓመት አልፎ ሰማንያ ገጽ ጥናት ሆነ። ዛሬ ካለፈች መምህሩ ረዳት መምህር አድርገው ያስቀሯታል።

ማሽኑ ገጾቹን አንድ በአንድ ያወጣል። ልጁ ሽፋኑን አነበበ።

«ርዕሱ ጥሩ ነው» አለ።

«ተቀይመኸኛል?»

«ያኔ? በጣም። አሁንማ ደንበኛዬ ነሽ።»

«የኔ ነው ብትል ኖሮ እኮ...»

«ማን ያምነኛል? ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ዓርብን ጠበቅኩ። ሰኞንም ጠበቅኩ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ ጠርዙን አስተካከለ። በመሃል እጁ ቆመ። «ቆይ እስኪ። መልእክተኛውስ ለምን አልጠየቀም? አፍ አለው አይደል? ውሃ ስጡኝ ማለት ምን ነበረበት?»

ሰማንያ ገጽ ስትጽፍ ይህ አንድም ቀን ትዝ አላላትም። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«አላውቅም» አለች።

«እኔ ግን ሳላውቅ አልቀርም» አለና ሽቦውን አስገብቶ ሦስቱንም ሰጣት። «በይ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

የሐሙሱ አዳራሽ ሞልቷል። እናቷ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ግማሽ ቀን አስፈቅደው መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ላለችው ሴትዮ «የኔ ልጅ ናት» ሲሉ እስከ ፊት ይሰማል። ያቺ ወንበርም እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ አለች።

«በይ ልጄ፣ ጀምሪ» አሉ መምህሩ።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ምስጋና። እናቷ አሉ፣ መምህሩ አሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ሳይቀር አለ። እሱ የለም። መልሳ ዘጋችው።

«መምህር፣ አላነበብኩም።»

አንዱ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም።

«ምን ማለትሽ ነው? ሰማንያ ገጽ ጽፈሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያነበበው ሌላ ሰው ነው። ይህን ባነሳሁባት ሐሙስ ከእኔ ቀጥሎ ተራው የነበረው። ውሃውን ያየው እሱ ነው፤ እኔ ቀማሁት። አሁን በሩ ላይ ፎቶ ኮፒ ያነሳል።»

እናቷ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉ።

«እነግርሻለሁ እማዬ።»

ለልጁ የሚመለስለት አንድም ዓመት እንደሌለ ታውቃለች። የሚሻለው ያኔውኑ፣ ዓርብ ሳይደርስ መናገር ነበር። ሦስቱን ጥራዞች መምህሩ ፊት አስቀመጠች፤ በሰው ሁሉ መሃል አልፋ ወደ በሩ ሄደችና ያቺ ወንበር ላይ ተቀመጠች።